ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ካፕሱሉ፣ የሥር ዱቄቱ፦ ካንሰር ለያዘው ሰው የትኛውን እናቆይ?

አክስቴ ጡቷ ላይ ስላገኘችው እብጠት የነገረችን ከሰባት ወር በኋላ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ ታክል ነበር አለችን። ከወረኢሉ ወዲያ ካለው መንደሯ ደሴ ስትመጣ ግን እብጠቱ ከቀሚሷ ላይ ይታይ ነበር። ያን ማታ እኛ ቤት አደረች። ከራት በኋላ ፌስታሏን ፈታች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ቡናማ የሥር ዱቄት አለ። በአሮጌ የሽሮፕ ጠርሙስ ጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ። አንድ ጭብጥ ዝንጅብል አለ። የልጅ ልጇ ከአዲስ አበባ የላከችላት፣ የእርድ ስዕል ያለበት የካፕሱል ብልቃጥም አለ።

«ሁሉንም ጣይው ልትይኝ ነው አይደል?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ቀጠለች። «አንቺስ የምትሸጪው ከቅጠል የተሠራ አይደል እንዴ?»

ፋርማሲስት ነኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በመድኃኒት ቤታችን መስኮት በኩል ይህንኑ በሌላ ቃል ጠይቆኛል። ይህን የምጽፈው ፌስታሉን ይዞ የቱን ላቆይ፣ የቱን ልተው ብሎ ለሚጨነቅ ታማሚና አስታማሚ ነው።

እኔ ዕጽዋትን ሳነጻጽር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መጠኑ ይታወቃል ወይ? ሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል ወይ? ታማሚው ከሚወስደው ሕክምና ጋር ይጣላል ወይ? ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳኝም። ለምን እንደሆነ ከሆስፒታሉ ብጀምር ይገባችኋል።

ሆስፒታል ውስጥ ያሉት ዕጽዋት

ቪንክሪስቲን የሚባል የኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴልን የሚገድል፣ መድኃኒት አለ። የደምና የንፍፊት ካንሰር ላለባቸው፣ በተለይ ለሕጻናት፣ በጣም ይሰጣል። የሚገኘው ከማዳጋስካር ከመጣች ትንሽ አበባ ነው። ሮዝና ነጭ እያበበች ሞቅ ባለ አገር ለጌጥ ትተከላለች። በብዙ አገር ቅጠሏን ለስኳር በሽታ ያፈሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሊፈትሹ ተነሱ። ለስኳሩ የረባ ነገር አላገኙም። ነጭ የደም ሴልን ግን ክፉኛ ሲቀንስ አዩ። ነገሩ ወደ ደም ካንሰር የዞረው ከዚያ ነው።

ልብ በሉ፣ አንድ ግራም ቪንክሪስቲን ለማውጣት ግማሽ ቶን ያህል ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል። ለአንድ አዋቂ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ያ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚወጣው ነው። ቅጠሉ ውስጥ ሌሎች ከ70 በላይ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች አሉ። መጠኑ በትንሹ ካለፈ ነርቭ ይጎዳል። ጣት ይደነዝዛል፣ ሆድ ይደርቃል። ስለዚህ በሚሊ ግራም ተለክቶ፣ በደም ሥር፣ ሐኪም እያየ ይሰጣል።

ፓክሊታክሰልም እንዲሁ ነው። አክስቴ የወሰደችው እሱን ነው። የመጣው አሜሪካ በምዕራቡ ዳርቻ ከሚበቅል፣ እድገቱ ከሚዘገይ ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ በ1962 ተሰበሰበ፣ መንሱክ ዋኒና ሞንሮ ዎል የንጥረ ነገሩን ቅርጽ በ1971 አሳወቁ፣ ለሕክምና የተፈቀደው በ1992 ነው። ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። ዛፉ ተልጦ እንዳያልቅ ዛሬ ከዘመዶቹ ቅጠልና በላቦራቶሪ ከሚያድግ ሴል ይመረታል። ኢቶፖሳይድ፣ ኢሪኖቴካን፣ ቶፖቴካን የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶችም መነሻቸው ከዕጽዋት ነው።

አሁን ወደ እኛው አገር ልምጣ። አጣጥን ታውቁታላችሁ። እሾሃማው ቁጥቋጦ። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይባላል፣ ከጎረቤታችን ከተማ ጋር ሞክሼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከዓለም ዙሪያ ዕጽዋት ሲያሰባስብ፣ ከአጣጥ ወገን የሆነ ተክል ከኢትዮጵያ ተወሰደ። በ1972 ሞሪስ ካፕቻን የሚመራው ቡድን ከእሱ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። ካንሰርን በመግደል ኃይለኛ ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ሆድና ነርቭን ጎዳ፣ ብቻውን መድኃኒት መሆን አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ዘዴ አገኙለት። የሜይታንሲንን ዘመድ አንድን የጡት ካንሰር ዓይነት ፈልጎ ከሚይዝ ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። መርዙ የሚፈታው ካንሰሩ ሴል ውስጥ ሲገባ ነው። በ2013 ተፈቀደ። ሄር ቱ የሚባለው ምልክት ለሚገኝባቸው የጡት ካንሰር ታማሚዎች ነው የሚሰጠው።

ይህን ታሪክ ለአንድ የኮምቦልቻ ወጣት ነገርኩት። በሳምንቱ የአጣጥ ቅጠል በፌስታል ሞልቶ መጣ። ለአባቱ ሊያፈላላቸው ነው። በጣም ደነገጥኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቁሜው ነበርና። ተክሉ ውስጥ ያለው ሜይታንሲን ከቁጥር የማይገባ ነው። ያለው ደግሞ ካንሰሩን ከጤናማው ሴል አይለይም። ዛሬ መድኃኒቱ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ራሱ የሚመረተው ከቅጠል ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው። ልጁ ቅጠሉን ትቶ ሄደ። አባቱ ቀጠሯቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ በሦስቱ ጥያቄ ስንመዝነው፣ ከዕጽዋት የወጣው የሆስፒታል መድኃኒት መጠኑ ይታወቃል፣ ሰው ላይ ተፈትኗል፣ ከምን ጋር እንደሚጣላም ተጽፏል። ዋናው ሕክምና ይሄ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከጎኑ መግባት ይችላል ወይስ አይችልም ተብሎ የሚታይ ነው። በቦታው ሊተካ የሚችል አንድም የለም።

ዝንጅብል

ከፌስታሉ ውስጥ መጀመሪያ ያወጣሁት ዝንጅብሉን ነው። «ይሄ ይቆይ» አልኳት።

ዝንጅብል ካንሰር አያድንም። የኬሞን ማቅለሽለሽ ግን ሊያቀልል ይችላል፣ ይህም ሰው ላይ ተሞክሯል። በ2012 ውጤቱ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 576 የኬሞ ታማሚዎችን አይቷል። ከተለመደው የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት ጋር በቀን ከግማሽ እስከ 1 ግራም ዝንጅብል የወሰዱት በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሹ ቀሎላቸዋል። የጀመሩት ከኬሞው ሦስት ቀን በፊት ነው። መጠኑን ወደ 1.5 ግራም ማሳደግ የበለጠ ጥቅም አላመጣም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ፣ በተለይ ሲስፕላቲን በሚባለው በጣም በሚያስመልስ ኬሞ ላይ፣ ይህን ያህል ልዩነት አላዩም። ስለዚህ ተስፋው መጠነኛ ነው። ግን እውነተኛ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየጓዳው አለ።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዱቄት 1 ግራም ገደማ ይሆናል። አክስቴ ሻዩ ላይ ታደርገው ነበር፣ ስኳር ቀንሳ። እርጥቡን ለምትጠቀሙ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቁራጭ ልጣችሁ፣ ቀጥቅጣችሁ፣ አሥር ደቂቃ አፍሉ። ሐኪሙ ያዘዘውን የማስመለስ መከላከያ ክኒን ግን በዝንጅብል እንዳትተኩ። ጥናቱም ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያየው። ጨጓራ ያለበት ሰው ያቃጥለዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የወረደ፣ ወይም ቀዶ ጥገና የተቃረበበት ሰው ሳያማክር አይጀምር።

እርድና ካፕሱሉ

አልጫ ወጥ ውስጥ ያለው እርድና ብልቃጥ ውስጥ ያለው እርድ አንድ ነገር አይደሉም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ትልቅ ነው።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ነው። ከዱቄቱ 3 ፐርሰንት ገደማ ቢሆን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል ላይ ሲንጠባጠብ ሴሉን ይገድላል። ይህ ወሬ ነው በየስልኩ የሚዞረው። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለ ሴልን በረኪናም ይገድለዋል። ጥያቄው ከሆድ አልፎ፣ በደም ተጉዞ፣ እጢው ጋ ይደርሳል ወይ ነው። ኩርኩሚን እዚያ ላይ ይወድቃል። አንጀት አይቀበለውም ማለት ይቻላል፣ የገባውንም ጉበት ቶሎ ያስወግደዋል። የጣፊያ ጎረቤት በሆነው በቆሽት ካንሰር ላይ በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ተሰጥቶ በ2008 ውጤቱ ወጥቷል። ከ25 ታማሚዎች ጥቂት ለውጥ የታየው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው። 8 ግራም ማለት በእርድ ዱቄት ሩብ ኪሎ አካባቢ ነው። በየቀኑ።

ካፕሱል ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩበታል። ፓይፐሪን የሚባለው የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን 20 እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው በ1998 ታይቷል። በነገራችን ላይ በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፉ የሚንጠለጠለውን፣ ቀይ ፍሬ ያለውን ዛፍም ቁንዶ በርበሬ እንለዋለን። እሱ ሌላ ተክል ነው፣ በእሱ እንዳታምታቱ።

ታዲያ ጥሩ አይደለም? አይደለም። ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው መድኃኒት የሚያፈራርሰውን የአንጀትና የጉበት ሥራ በማዘግየት ነው። ኩርኩሚኑን ብቻ መርጦ አያሳልፍም። የኬሞ መድኃኒትም በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊቆይ ይችላል። በሌላ በኩል በ2002 በአይጥ ላይ በተደረገ የጡት ካንሰር ጥናት ኩርኩሚን የሳይክሎፎስፋማይድን ሥራ አዳክሟል። ሳይክሎፎስፋማይድ ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ነው። ታሞክሲፈን የሚባለውን የጡት ካንሰር የሆርሞን ክኒን ለሚወስዱ ሴቶች ደግሞ ኩርኩሚንና ፓይፐሪን ሲደመሩ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ቀንሶ ታይቷል። የእርድ ካፕሱል ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎችም በሕክምና መዝገብ አሉ።

ስለዚህ በወጥ ውስጥ ያለውን እርድ ብሉ። ካፕሱሉን በኬሞ ጊዜ ተዉት። አክስቴ ብልቃጡን ስወስድባት ከፋት፣ የልጅ ልጇ በስንት ብር እንደገዛችው ታውቃለች። እኔም አዘንኩ። ያ ብር የትራንስፖርት ነበር።

ጥቁር አዝሙድ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ጥቁር አዝሙድ ወሎ ውስጥ ቅመም ብቻ አይደለም። በሃይማኖትም ክብር አለው። ለታመመ ሰው ዘይቱን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ዱዓውንም ይዞ ነው የሚመጣው። እምነቱን አልነካም። የኔ ድርሻ መጠኑና ጊዜው ነው።

ታይሞኪኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ በሴልና በእንስሳት ላይ ብዙ ተጠንቷል። የሰውን ካንሰር እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። የደም ስኳርንና ግፊትን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ደም የመርጋት አቅምንም ሊያዘገይ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ የካንሰር ታማሚ በቀን በማንኪያ ዘይቱን ቢጠጣ፣ ምግብም ካልበላ፣ ስኳሩ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል።

ዳቦ ላይ፣ በርበሬ ውስጥ ያለው ምንም አይደለም። በማንኪያ የሚጠጣውን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ቀዶ ጥገና ካለ ደግሞ ቀድማችሁ አቁሙ። አክስቴ ዘይቱን አልተወችም። በቀን ሁለት ማንኪያ ትወስድ የነበረውን ዳቦዋ ላይ ጠብ ማድረግ ጀመረች። በዚህ ተስማማን።

ተልባና ነጭ ሽንኩርት

ተልባ በዝንጅብል ደረጃ የማስቀምጠው ነው። ኬሞውም፣ የሕመም ማስታገሻውም፣ የማስመለስ መከላከያውም ሆድ ያደርቃሉ። የተፈጨ ተልባ በብዙ ውኃ ያለሰልሳል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ክኒን ከዋጣችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አሳልፉ፣ ልጋጉ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋልና። ሆዱ ተነፍቶ፣ አየርም አልወጣ ብሎት የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ተልባ አይጠጣ፣ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።

ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ችግር የለውም። ጥሬውን በማር እየነከሩ በየጠዋቱ መዋጥ ግን ደም ያቀጥናል። ከቀዶ ጥገና ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይቁም።

የሥር ዱቄቱና ወተቱ

ከፌስታሉ የመጨረሻው ይሄ ነበር። ጋዜጣውን ፈትቼ አሸተትኩት። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አክስቴም አታውቅም። «ሰውየው ይምላል እንጂ ስሙን አይናገርም» አለችኝ። መድኃኒት አዋቂው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ገንዘብም ብዙ አልተቀበላትም። ከአባቱ የወረሰውን ነው የሰጣት። ግን ስሙ ካልታወቀ መጠኑም፣ ከኬሞው ጋር መጣላቱም አይታወቅም። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይታያል። ያልታወቀ ሥር ጉበትን ቆጥቁጦት ከሆነ ቀጠሮው ይራዘማል፣ ሐኪሙም ምክንያቱን ሲፈልግ ሳምንት ይሄዳል። ስለዚህ ስሙ የማይነገር ነገር እኔ ጋ መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም።

ከዱቄቱ ይልቅ የጎዳት ግን የተቀባችው ነበር። የቁልቋል ዘር የሆነ ተክል ነጭ ወተት ነው። ቆዳዋን አቃጥሎ ከፈተው። ቁስሉ ሲደርቅ «ነቀርሳው እየወጣ ነው» ተባለች። እሷም አመነች። ቆዳው ላይ ቅርፊት ሲነሳ ከሥሩ ያለው እጢ ግን ወደ ብብቷ እየሄደ ነበር። ያንን ወተት ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል።

የዚህ ተክል ዘመድ በሳይንስም ተሞክሯል። ከአንዲት ትንሽ የቁልቋል ወገን ወተት የወጣ ኢንጀኖል የሚባል ቅባት በ2012 ወደ ካንሰር ሊለወጥ ለሚችል የቆዳ ቁስል ተፈቅዶ ነበር። ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቀባ ነው። በ2020 አውሮፓ ውስጥ ከገበያ ወጣ። የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የሚል ሥጋት ስላለ። ተጣርቶ ተለክቶ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ከግንዱ ተቆርጦ የሚንጠባጠበውን አስቡት። ጡት ላይ፣ አንገት ላይ፣ የትም ያለ እብጠት ላይ አትቀቡ።

በስልክ የሚመጣው

በቴሌግራም በየቀኑ አንድ አዲስ አለ። ሁለቱን ልንገራችሁ፣ ሌላውን በዚሁ ለኩት።

አንዱ የኮክ ፍሬ ነው። ዘሩን ሰብራችሁ ውስጡን ብሉ ይላል፣ «ቫይታሚን ቢ 17» ብሎ። እንዲህ የሚባል ቫይታሚን የለም። አሚግዳሊን ነው፣ ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሳያናይድ የሚባል ገዳይ መርዝ ያወጣል። በ1982 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት 178 የካንሰር ታማሚዎችን ከዚህ ወገን በሆነ መድኃኒት አክሞ ምንም የረባ ጥቅም አላገኘም። አንዳንዶቹ ደማቸው ውስጥ ሳያናይድ ተገኝቷል። የኮኩን ሥጋ ብሉ፣ ዘሩን ጣሉ።

ሁለተኛው የጊሽጣ ቅጠል ነው፣ «ከኬሞ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል» የሚባለው። ይህ ደግሞ ከሴል ሙከራ የተወሰደ ነው፣ ሰው ላይ አልታየም። የካሪቢያን ደሴት በሆነችው በጓዴሉፕ የዚህ ወገን ፍሬና ቅጠል አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች ላይ ፓርኪንሰን የሚመስል የመንቀጥቀጥና የመድረቅ በሽታ ታይቶ፣ አኖናሲን ከሚባለው ንጥረ ነገሩ ጋር ተያይዟል። ፍሬውን አልፎ አልፎ መብላት አያስፈራኝም። ቅጠሉን በየቀኑ ማፍላት ያስፈራኛል።

የማይጎዳ የሚመስለው ሲጎዳ

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን በቀን ሦስቴ እሰማለሁ። በደጋው የሚበቅለውን አመጃ ታውቁ ይሆናል፣ ቢጫ አበባ ያለውን። የእሱ ዘመድ የሆነ ተክል ፈረንጆች ለድብርት ይወስዱታል። ኢሪኖቴካን ከሚባለው ኬሞ ጋር ሲወሰድ የኬሞው ዋና ኃይል በደም ውስጥ በ42 ፐርሰንት ቀንሶ ተገኝቷል። ታማሚው ምንም አልተሰማውም። መድኃኒቱ ግን ወደ ግማሽ ወርዷል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ዳማከሴ ነው። ተክሉ ራሱ አይደለም፣ የሚጠራበት ቀን ነው። ከኬሞ በኋላ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይንዘፈዘፋል። እኛ አገር ይሄ ምች ይባላል። ዳማከሴ ታሽቶ ይጠጣል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ ይነጋል እየተባለ ይጠበቃል። የኬሞ ታማሚ ግን ይህን ትኩሳት ይዞ ማደር የለበትም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በሰዓታት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ቴርሞሜትር ግዙ። ከካፕሱሉ በጣም ይረክሳል። በነዚያ ሳምንታት ያልፈላ ጭማቂና ያልታጠበ ቅጠልም ይቅር።

እንዴት ልምረጥ?

ገና ናሙና ያልተወሰደለት፣ እብጠቱ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ከሆናችሁ፣ ከዕጽዋቱ አንዱንም አትምረጡ። መጀመሪያ ምርመራው ነው። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል አለው፣ ከዚያ ጀምሩ። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ገና ያልተሠራጨ ካንሰር ይዟቸው ሕክምናውን ትተው አማራጭ ብቻ የተከተሉ 281 ሰዎችን ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽሯል። የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ነበር። በጡት ካንሰር ከ5 እጥፍ በላይ። ጡት ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ የሚታከም ስለሆነ ነው ሕክምናውን የመተው ዋጋ እንዲህ የከፋው።

ኬሞ ላይ ያለ ሰው ማቅለሽለሽ ከሆነ ችግሩ ዝንጅብል፣ ድርቀት ከሆነ ተልባ ይምረጥ። ካፕሱል አይጀምር። ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከወጥ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ ዝንጅብሉንም ነጭ ሽንኩርቱንም ጥቁር አዝሙድ ዘይቱንም፣ ሐኪሙን ጠይቆ ቀድሞ ያቁም። የሆርሞን ክኒን ለዓመታት የሚውጥ ሰው ነገሩ ትንሽ ይቀላል፣ ግን አዲስ ነገር ሲጨምር ይጠይቅ። ሕክምናው ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው የተባለለት ሰው ደግሞ ደስ የሚያሰኘውን ሻይ ቢጠጣ የሚከለክለው የለም፣ የሚያቃጥልና የሚያስመልስ ብቻ አይሁን።

ገንዘብ ላይ ግልጽ ልሁን። ከደሴ አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና መሄጃው ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻም፣ አስታማሚም፣ አልጋም አለ። መንገዱንና ካፕሱሉን ሁለቱንም መሸፈን ካልተቻለ ብሩ ለመንገዱ ይዋል።

የመጨረሻው ነገር ለሐኪሙ መንገር ነው። ብዙ ሰው ይፈራል፣ ይቆጡኛል ብሎ። አንዳንዱ ሐኪም ይቆጣል፣ እውነት ነው። አክስቴም አንድ ቦታ ተቆጥተዋት ሁለት ቀጠሮ ዝም ብላ አሳለፈች። በሦስተኛው እኔ አብሬያት ሄድኩ። ማታውን በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ የምትወስደውን ሁሉ ጻፍን፣ ምን ያህል፣ በቀን ስንቴ። ዱቄቱን ራሱን በፌስታል ይዘን ሄድን፣ የካፕሱሉንም ብልቃጥ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ካርዱን ገልብጣ አነበበችው። ዝንጅብሉ ላይ ምልክት አደረገች፣ ተልባው ላይም። ጥቁር አዝሙዱ ጎን «በምግብ ብቻ» ብላ ጻፈች። ሁለቱን ሰረዘች። ከዚያ ካርዱን ለአክስቴ መለሰችላትና፣ «እማማ፣ በሚቀጥለው ሲመጡ አዲስ ነገር ካለ እዚሁ ላይ ጨምሩልኝ» አለቻት።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች። ካርዱ አሁን እኔ ጋ ነው። ጀርባው ሞልቶ፣ ጠርዙ ላይ ሳይቀር ተጽፎበታል።